ባዮዲዝል ለኮመን ሬል ሞተር ይሆናል ወይ? ለጠየቅከው ወንድም

ሰላም ቤተሰብ። «ኮመን ሬል ፒካፕ አለኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ ካገለገለ የምግብ ዘይት የተሠራ ባዮዲዝል በጄሪካን የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ መቶ በመቶ ታዳሽ ናፍጣ ሞልቶ ነው የሚነዳው። እኔስ ብሞላ ሞተሩን ይጎዳዋል?» ብሎ የጠየቀ ወንድም አለ። ግማሹ ሰው «ሞተርህን ቀበርከው በቃ» ብሎታል፣ ግማሹ ደግሞ «ምንም አይልም፣ ሙላ» ብሎታል። ኮመን ሬል ማለት ነዳጁ በጣም ከፍተኛ ግፊት ካለው አንድ የጋራ ቧንቧ ወደ ኢንጀክተሮቹ (ነዳጁን ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጩት) የሚከፋፈልበት የናፍጣ ሞተር ነው። የኔ ሥራ ፖምፓና ኢንጀክተር ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

አብሽር፣ ሞተርህ አልተቀበረም። ግን አንተ ያገኘኸውና የአክስትህ ልጅ የሚሞላው አንድ ነገር አይደሉም። ሁለቱም ከዘይት ወይም ከሞራ ነው የሚጀምሩት፤ ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል።

የእሱ ታዳሽ ናፍጣ የሚወጣው ከትልቅ ማጣሪያ ፋብሪካ ነው። ዘይቱን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ከሃይድሮጅን ጋር ያገናኙታል። ኦክስጅኑ ይወጣና የሚቀረው ንጹህ ሃይድሮካርቦን ነው፣ ማለትም ራሱ ናፍጣ። የፊንላንዱ ኔስቴ በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያመርታል። ሴቴን ቁጥሩ፣ ማለትም በቶሎ የመቀጣጠል ጠባዩ፣ ከ70 በላይ ነው። የአውሮፓ መደበኛ ናፍጣ ደግሞ ቢያንስ 51 እንዲሆን ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ ሞተሩ በብርድ ቶሎ ይነሣል፣ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ጭሱ ይቀንሳል። ጉድለቱ ቀለል ማለቱ ነው። በሊትር የሚይዘው ኃይል በጥቂት ፐርሰንት ስለሚያንስ ፍጆታው ትንሽ ከፍ ይላል። ቮልቮና ስካንያ የጭነት መኪኖቻቸው እንዲጠቀሙበት ፈቅደዋል። በጣም አሮጌ ሞተር ላይ ብቻ፣ ለዓመታት በናፍጣ ያበጠ ላስቲክ ሲሟሽሽ ማንጠባጠብ ሊመጣ ይችላል። ሌላ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ይህንን ማንም ሰው ጓሮው ውስጥ በበርሜል አይሠራውም። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ «ያው እንደ አሜሪካው ነው» ያለህ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ሊሸጥልህ ነው።

አንተ ያገኘኸው ባዮዲዝል ነው። ዘይት በሜታኖልና በኮስቲክ ሶዳ ይቀየርና ግሊሰሪኑ ከታች ይዘቅጣል፣ ባዮዲዝሉ ከላይ ይቀራል። ከዚያ ይታጠባል፣ ይደርቃል። በደንብ ከተሠራ መጥፎ ነዳጅ አይደለም። እንዲያውም የማለስለስ አቅሙ ከናፍጣ ይበልጣል፤ ፖምፓ ይወደዋል። ኃይሉ ንጹሁን ከሞላኸው በሊትር 8 ፐርሰንት ገደማ ያንሳል። የሐረጎን ዳገት ጭነህ ስትወጣ ይታወቅሃል፣ ሜዳ ላይ ብዙም ልብ አትለውም።

ችግሩ «በደንብ ከተሠራ» የምትለዋ ናት። የድሮ ሞተር ኖዝል (ነዳጅ የሚረጨው ጫፍ) በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው የሚከፍተው። ያንተ ኮመን ሬል ከ1,600 ባር በላይ ይሠራል፣ የኢንጀክተሩ ውስጥ ክፍተት በማይክሮን የሚለካ ነው። ሳሙና የቀረበት፣ ውሃ ያለበት ወይም ግማሹ ገና ዘይት የሆነ ነዳጅ እዚያ ውስጥ ሲገባ የድሮው ፖምፓ እያጉረመረመ ያሳልፈዋል፤ የአንተው አያሳልፈውም። የምግብ ዘይት ራሱ ከናፍጣ አሥር እጥፍ ገደማ ይወፍራል። በነጭ ጋዝ አቅጥነው የሚሸጡም አሉ፤ ይሄ የባሰ ነው። ነጭ ጋዝ ማለስለስ ስለማይችል ከፍተኛ ግፊት የሚሰጠውን ፖምፓ ይፍቀዋል። ከዚያ ብናኙ ኢንጀክተር ውስጥ ይገባል፣ ወጪውን አትጠይቀኝ።

አሁን ማንም ያላነሣው የእኛው ጉዳይ፣ ብርድ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። መሐላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ አገር ሳምቡሳውም ቺፕሱም የሚጠበሰው በአብዛኛው በፓልም ዘይት ነው። ደሴ ያደገ ሰው ይህ ዘይት ጠዋት ረግቶ በማንኪያ ሲዛቅ ያውቃል። ባዮዲዝል ሲሆንም ጠባዩን ይዞ ነው የሚሄደው፤ የፓልም ባዮዲዝል ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ላይ መደፍረስ ይጀምራል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደሴ ላይ ከዚህ በጣም ይወርዳል። የጉጉፍቱን ብርዳም ከፍታ የሚሻገር ሰውማ ባያስበው ይሻለዋል።

አንድ ፒካፕ እየተጎተተ መጥቶልኝ ነበር። ባለቤቱ ኮምቦልቻ ላይ ሞልቶ ደሴ ፒያሳ አቁሞ አደረ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ። ሰኞ ገበያ ሳይደርስ ኃይሉ ወርዶ ጠፋ፣ ከዚያ በኋላ አልነሣም አለ። ባትሪ ነው ተባለ፣ ሴንሰር ነው ተባለ። ፊልትሮውን ቆርጬ ስከፍተው የወረቀቱ እጥፋት ሁሉ ነጣ ባለ ቅባት ተደፍኗል። ጣቴ ላይ አድርጌ ሳሸው ቀለጠ። ሞተሩ የተነሣው መስመሩ ውስጥ በነበረው ነዳጅ ነው፤ ከዚያ ፊልትሮው ዘጋው። ሞቅ ሲል ይኸው ነዳጅ ምንም እንዳልሆነ ይፈስሳል። ለዚህ ነው ሻጩ «ኮምቦልቻ ማንም ቅሬታ አላቀረበም» የሚልህ፣ እውነቱን ነው!

ባቲ በኩል በየማሳው ዳር ለአጥር የተተከለው ጃትሮፋ ከፓልም ይልቅ ብርድ ይችላል። ፍሬው መርዝ ስለሆነ ለምግብ አይሻማም። ግን ጄሪካኑ ውስጥ ያለው ጃትሮፋ ይሁን ፓልም በዓይን አታውቀውም።

ሌላው የሚያስቸግረው ማጽዳቱ ነው። ባዮዲዝል ሰርባቶዮ ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን ዝቃጭ ይፈታና ወደ ፊልትሮ ይነዳዋል። ጥሩ ባዮዲዝል የሞላ ሰው ሳይቀር መጀመሪያ አካባቢ ፊልትሮ ይዘጋበታል፣ ከዚያ ነዳጁን ይሰድባል። መለዋወጫ ፊልትሮ መኪናው ውስጥ ይኑርህ። ውሃም በቀላሉ ይይዛል። ወራት አቁመህ ልትተወው ካሰብክ አትሙላ፣ ይበላሻል።

መኪናህ ከአውሮፓ የመጣና የጭስ ማጣሪያው ያልተነቀለ ከሆነ አንድ ነገር ጨምር። ማጣሪያው ራሱን ሲያቃጥል ብዙ ሞተሮች ተጨማሪ ነዳጅ ሲሊንደር ውስጥ ይረጫሉ። የተወሰነው በፒስተኑ ጎን ወርዶ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ናፍጣ ከሆነ ሲሞቅ ይተናል፤ ባዮዲዝል ግን የመፍያ ነጥቡ ከፍ ስለሚል እዚያው ይቀራል። የዘይት መለኪያውን ስታወጣ ደረጃው ከጨመረ ደስ አይበልህ፣ ዘይትህ እየቀጠነ ነው። ቅያሬውን አስቀድም።

(«ቤንዚን ላይ የፊንጫ ኢታኖል ሲቀላቀል ምን ሆነ?» ያልከው ወንድም፣ እሱ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 በ5 ፐርሰንት የተጀመረው ለቤንዚን ነው። ናፍጣ ሞተር ውስጥ ኢታኖል እንዳትጨምር።)

እሺ፣ ስንት ፐርሰንት ይቀላቀል? የአውሮፓ መደበኛ ናፍጣ እስከ 7 ፐርሰንት ባዮዲዝል ይፈቀድለታል፣ አሜሪካ እስከ 5 ፐርሰንት ያለበት ናፍጣ ያው ናፍጣ ይባላል። 20 ፐርሰንት የሚፈቅዱ ሞተሮች አሉ፣ ማኑዋልህን አይተህ ነው። ይህ ሁሉ ግን ላቦራቶሪ ስላለፈ ነዳጅ ነው። የጄሪካኑን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን ኮመን ሬል ውስጥ 5 ፐርሰንትም አልጨምርም፣ ቢያንስ እነዚህን ሳላይ።

ንጹህ የውሃ ፕላስቲክ ውሰድና ግማሹን ነዳጁን፣ ግማሹን ውሃ አድርገህ በደንብ ናጠው። አስቀምጠው። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ውሃው ከታች፣ ነዳጁ ከላይ ለየብቻ ከቆሙ ጥሩ ምልክት ነው። መሐል ላይ እንደ ማዮኔዝ ያለ ነጭ ነገር ከቆየ ሳሙና አለበት ወይም ሥራው አላለቀም። ሁለተኛ፣ ሻጩ ሜታኖል ስላለው እዚያው አሠራው፦ አንድ እጅ ነዳጅ በዘጠኝ እጅ ሜታኖል። ሙሉ በሙሉ ከሟሟ ተቀይሯል፤ ከታች የዘይት ጠብታ ከቀረ ገና ዘይት ነው። ሜታኖል መርዝ ነው፣ ዓይንም ያጠፋል፤ በእጅህ አትንካው፣ በአፍህ አትሳበው። ሦስተኛ፣ አንድ ጠርሙስ ደሴ ውጭ አሳድረህ ጠዋት እየው። ይህቺኛዋ ምንም አታስወጣህም፣ ብዙ ነገር ትነግርሃለች።

ሦስቱንም ቢያልፍ እንኳ ላቦራቶሪ አይሆንልህም። የወፍጮ ሞተር ወይም የድሮ ውሃ መሳቢያ ላለው ሰው ግን እኔም «ሞክረው» እላለሁ። እነዚያ ሞተሮች ብዙ ችለው ያውቃሉ፣ ቢበላሹም ጥገናቸው አቅም አይፈትንም።

ገዝተህ ከሆነና ሰርባቶዮ ውስጥ ትንሽ ከጨመርክ አትደንግጥ። በናፍጣ ሙሉውን ሙላው፣ ጠዋት ጠዋት ከውሃ መለያው አጠንፍፍ፣ ደሴ የምታድር ከሆነ ያን ነዳጅ ኮምቦልቻ ላይ ጨርሰህ ውጣ። ከዚያ ፊልትሮውን ቀይር። አሮጌውን አትጣለው። ቆርጠህ ውስጡን ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፍልን፣ ቅባት ይሁን ዝቃጭ አይቼ እነግርሃለሁ።