የእንግሊዝ ባር በአዳማ፦ ከባንኮኒው ይጀምሩ
የግንባታና የእንጨት ሥራ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ ከፎቅ ሥር 6 በ12 ሜትር የሆነ ቤት ተከራይቻለሁ። በቪክቶሪያ ዘመን የነበረውን የእንግሊዝ መጠጥ ቤት የሚመስል ባር ልከፍትበት ነው። ዲኮር ሠሪው ቀይ የስልክ ሳጥን፣ የለንደን ሥዕሎችና ጥቁር ቀለም የተቀባ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) አቅርቦልኛል። በዚህ ልቀጥል?
ባር ከፋች፣ ከአዳማ

መልስ፦ የስልክ ሳጥኑን ይተዉት። ቪክቶሪያ የነገሡት ከ1837 እስከ 1901 ነው፤ ቀዩ ሳጥን የተነደፈው በ1924 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሥዕሉም ለኋላ ይቆይ።

የዚያ ዘመን መጠጥ ቤት መለያው አከፋፈሉ ነው። ባንኮኒው አንድ ነው፤ ዙሪያውን በእንጨትና በመስታወት ግርዶሽ የተለዩ ክፍሎች ይደረደራሉ፣ ሁሉም ከዚያው ይስተናገዳሉ። ወለሉ ባዶ የሆነው ክፍል የሠራተኛው ነበር። ምንጣፍና ምቹ መቀመጫ ያለው ሳሎን ያንኑ ቢራ በውድ ይሸጥ ነበር። መታየት የማይፈልግ ሰው «ስነግ» የምትባል በር ያላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይገባል። እኛ ዘንድ ግሮሰሪ ባንኮኒ ላይ ቆሞ የሚጠጣውና ጓሮ ገብቶ የሚቀመጠው ደንበኛ እንደሚለያዩት ነው፤ እነሱ ልዩነቱን ለአናጢ ሰጡት። በአንዳንድ ቤቶች ባንኮኒው ላይ፣ በቆመ ሰው ፊት ትክክል፣ በዘንግ የሚዞሩ ትናንሽ የማያሳዩ መስታወቶች ይደረደሩ ነበር። ደንበኛው ለማዘዝ ይከፍታል፣ ካዘዘ በኋላ ይመልሳል፤ አስተናጋጇም ማን እንደሆነ አታይም።

6 ሜትር ስፋት መሐል ላይ ለሚቆም ባንኮኒ አይበቃም። በረጅሙ ግድግዳ በኩል 6 ሜትር ርዝመት ያለው ባንኮኒ ያሠሩ፤ ከፍታው ከ105 እስከ 110 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከኋላው መደርደሪያ ድረስ 90 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ይተዉ፤ ሁለት አስተናጋጆች ሲተላለፉ ከዚያ ባነሰ ይጋጫሉ። የነሐስ የእግር ማሳረፊያው ከወለሉ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰር። ሁለት ስነግ ይበቃል። ግርዶሻቸው 1 ሜትር ከ90 ላይ ይቁም፣ ኮርኒስ አይንካ፤ አለበለዚያ በአዳማ ሙቀት አየር የሌለው ሳጥን ይሆናል። ውስጡ ከባንኮኒው እንዲታይም ያድርጉ። እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ስነጎች በኋላ የፈረሱት ፈቃድ ሰጪ ዳኞች ለቁጥጥር አይመቹም ስላሉ ነው።

እንጨቱ የእነሱ ማሆጋኒ ነበር፤ እዚህ ዋንዛ ያምራል። ኤምዲኤፉን ለተቀባ ጌጥ ይጠቀሙበት፣ ቢራ ከሚፈስበትና ወለል ከሚታጠብበት ግን ያርቁት፤ ውኃ ከጠጣ ያብጣል፣ ወደ ቦታውም አይመለስም። ዋንዛውን ከመሠራቱ በፊት ሦስት አራት ሳምንት እዚያው ቤት ውስጥ፣ በየጣውላው መሐል ቀጭን እንጨት እየገባ አየር እንዲያገኝ ይደርድሩት። እርጥብ እንጨት በአዳማ ደረቅ ነፋስ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። አናጢው ኮላ የሚቀባው የፍሬሙን መጋጠሚያ ብቻ ነው፤ መሐል ያለው ጣውላ በቦዩ ውስጥ ሳይጣበቅ ይቀመጣል፣ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ይተውለት። ያ ሁሉ በፍሬም የተከፋፈለ የቪክቶሪያ ዘመን ግድግዳ ለውበት ብቻ የተሠራ ይመስላል፤ ዋናው ምክንያት ግን እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር መንቀሳቀሻ ቦታ እንዲያገኝ ነው።

ከባንኮኒው ኋላ የሚቆመው መልክ ማያ መስታወት በሲሊኮን ከተለጠፈ ኮምጣጤ የሚሸተውን ዓይነት አይጠቀሙ፤ የጀርባውን ብር በልቶ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። «ኒውትራል» የሚል የተጻፈበትን ይግዙ፣ ከመስታወቱ ጀርባም አየር የሚያልፍበት 5 ሚሊ ሜትር ይተዉ። የመንገዱ መስኮት ደግሞ ታችኛው ግማሽ የማያሳይ፣ ላይኛው የሚያሳይ ይሁን፤ ብርሃን ይገባል፣ አላፊ አግዳሚ አያይም። ያኔ መስታወቱን በአሲድ ያደበዝዙት ነበር፤ አሲዱ አደገኛ ስለሆነ ዛሬ በአሸዋ ፍንጠቃ ያሠሩት። ሻካራው ፊት ወደ ውስጥ ይዙር። ወደ ውጭ ከዞረ አቧራ ይይዛል፣ ዝናብ ሲመታውም ማሳየት ይጀምራል።

ኮርኒሱን ባለ ጌጥ ጂፕሰም አሠርተው ጥቁር ቀይ ወይም ቡናማ ይቀቡት። እነሱ ብዙ ጊዜ ወፍራም ጌጠኛ የግድግዳ ወረቀት ይለጥፉ ነበር። ከሁሉ የታወቀውን፣ ሊንክረስታን፣ ፍሬድሪክ ዋልተን በ1877 የሠራው ከተልባ ዘይት ነው፤ ቀደም ሲልም ሊኖሊየም የተባለውን የወለል ንጣፍ የፈጠረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የባንኮኒያችን ጣውላ የብርጭቆ ቅርጽ ባላቸው ነጫጭ ክቦች ተሞላ። አረቄ የፈሰሰበት ደግሞ ይጣበቃል። በየሦስት ወሩ እናስቀባዋለን፤ ምን እናድርግ?
የግሮሰሪ ባለቤት፣ ከአዳማ

መልስ፦ የተቀባው ሼላክ ሳይሆን አይቀርም። ሼላክ በአልኮል የሚሟሟ ሙጫ ነው፤ አረቄ ሲፈስበት ይለሰልሳል፣ እርጥብ ብርጭቆ ሲቀመጥበት ይነጣል። ለወንበርና ለግድግዳ ጣውላ ግሩም ነው፣ ለባንኮኒ አይሆንም። ለማረጋገጥ ከሥር በማይታይ ቦታ ላይ አልኮል ጠብ አድርገው ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከተጣበቀ ሼላክ ነው።

በላዩ ላይ መደረብ ዋጋ የለውም፤ እናንተም እየከፈላችሁ ያያችሁት ይህንኑ ነው። እስከ እንጨቱ ይፋቅ። ከዚያ በ120፣ ቀጥሎ በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ አራት ጊዜ ይቀባ፣ የመጀመሪያው በጣሳው ላይ በተጻፈው ማቅጠኛ ቀጠን ይበል። በየመሐሉ ይድረቅና በ320 ቀለል ብሎ ይታሽ። የጣውላው ጀርባና ጠርዝም ይቀባ፤ የሚረሳው እሱ ነው፣ ጣውላው የሚጣመመውም በዚያ ምክንያት ነው። ሥራው ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ፣ ወለሉ ውኃ ተረጭቶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ይሁን። ከመጨረሻው ቅብ በኋላ አንድ ሳምንት ምንም አይቀመጥበት።

ጥያቄ፦ በእጅ የሚሳብ የቢራ ፓምፕ ለድራፍት ይሠራል?

መልስ፦ ለጌጥ ብቻ። ጆሴፍ ብራማ በ1797 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ፓምፕ ጋዝ ያልተጨመረበትን ቢራ ከምድር ቤት በርሜል ይስባል፤ ያ ቢራ የሚጠጣው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሆኖ ነው። የእኛ ድራፍት በጋዝ ግፊት የሚወጣ ስለሆነ በፓምፕ ሲሳብ ጃምቦው በአረፋ ብቻ ይሞላል።

ጥያቄ፦ ልጄ እንግሊዝ አገር ነው የሚኖረው። ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ የትኛውን ቤት ልንገረው?
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ለንደን ከሆነ ሃይ ሆልቦርን መንገድ ላይ ያለው ፕሪንሰስ ሉዊዝ ይሻላል። ውስጡ የ1891 ሥራ ነው፤ ክፍልፋዮቹ፣ የተቀረጸው መስታወትና የግድግዳው ሸክላ አሉ፣ የወንዶቹ መጸዳጃ ሳይቀር ይታያል። ሰሜን አየርላንድ ከደረሰ ቤልፋስት ያለው ክራውን፣ ከ1978 ጀምሮ የቅርስ ጠባቂው ድርጅት የናሽናል ትረስት ንብረት የሆነው፣ በፊደል የተሰየሙ አሥር ስነጎችና አስተናጋጅ የሚጠራባቸው ደወሎች አሉት። ከሰዓት በፊት፣ ቤቱ ሳይሞላ ይሂድ። የአጠቃላዩ ፎቶ ለአናጢ አይጠቅምም፤ ማጠፊያውን፣ የጣውላውን ጠርዝና ግርዶሹ ከባንኮኒው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ አጠገቡ ሜትር ዘርግቶ ያንሳ።