ለአካውንቲንግ ተማሪ ሎጂክና አንትሮፖሎጂ ምን ያደርግለታል?

«ተማሪዎቼ በመጀመሪያው ዓመት የሚወስዷቸው ሎጂክ፣ አንትሮፖሎጂና ጂኦግራፊ ለአካውንቲንግ ሙያ ምን ይጠቅማሉ?» ብለው ለጠየቁን መምህር፦

እነዚህ ትምህርቶች በ2012 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጀመሪያ ዓመት ሲገቡ «እኛ ዋናውን ትምህርት መቼ ልናስተምር ነው?» ብለው ካጉረመረሙት አንዱ ነበርኩ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የእድር መዝገብ ነው።

የኦዲት ተማሪዎቼን በቡድን ከፋፍዬ፣ እያንዳንዱ ቡድን በአንድ እድር የሒሳብ አያያዙን አይቶ እንዲመጣ አዘዝኩ። አንዱ ቡድን ትልቅ ጉድለት አገኘን ብሎ መጣ። ለወራት መዋጮ ያልከፈሉ አንዲት እናት ቅጣት አልተጻፈባቸውም፤ ውዝፉም በተሰብሳቢነት፣ ማለትም ገና እንደሚከፈል ዕዳ፣ አልተያዘም። ሪፖርታቸው ላይ «የውስጥ ቁጥጥር ድክመት» ብለው አስፍረውታል። «ገንዘብ ያዡን ጠየቃችኋቸው?» አልኩ። አልጠየቁም። ተመልሰው ሲጠይቁ ሴትዮዋ ባላቸውን ከቀበሩ በኋላ አቅም እንዳጡ፣ አባላቱም በጉባኤ ቅጣቱንም ውዝፉንም እንደማሩላቸው ሰሙ። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፤ ቃለ ጉባኤው ያለው ግን ጸሐፊው ቤት ነው። ሰውን በአክብሮት ቀርቦ መጠየቅን፣ ከአንድ መዝገብ ተነሥቶ እስከ ምን ድረስ መደምደም እንደሚቻል መመዘንን የሚያስተምር ምዕራፍ በእኛ የኦዲት መጽሐፍ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ፤ የፊተኛውን አንትሮፖሎጂ፣ የኋለኛውን ሎጂክ ያስተምራል።

ኦዲት የሚለው ቃል ራሱ በላቲን «መስማት» ከሚለው የመጣ ነው። ጥንት ሒሳብ የሚመረመረው ጮክ ተብሎ እየተነበበ ነበርና። ገንዘብ ያዡ በእድር ስብሰባ ቆመው ሲያነቡ አባላቱ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ይህን ለተማሪዎች ስነግራቸው ፊታቸው ሲበራ አያለሁ። ዴቢትና ክሬዲትን፣ ማለትም እያንዳንዱን ሒሳብ በግራና በቀኝ ሁለት ጊዜ የመመዝገብን ዘዴ፣ በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀው ሉካ ፓቾሊም መነኩሴና የሒሳብ መምህር፣ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ወዳጅ ነበር።

የዛሬው ሥራ ደግሞ የበለጠ ማሰብ ይጠይቃል። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ያመጣው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ በግምትና በሙያዊ ውሳኔ የተሞላ ነው። አንድ ባንክ ካበደረው ምን ያህሉ ላይመለስ እንደሚችል ሲገምት፣ ካለፈው በተጨማሪ የሚመጣውንም ማገናዘብ አለበት። ስሌቱን ኮምፒውተር ይሠራዋል። የቡና ዋጋ ቢወርድ ወይም ዝናብ ቢቀር የትኛው ተበዳሪ እንደሚቸገር ማሰብ ግን የባለሙያው ፈንታ ነው፤ ጂኦግራፊውም ኢኮኖሚክሱም የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

በአንድ ነገር እስማማለሁ፤ ትምህርቶቹ በመጀመሪያው ዓመት በምርጫ ጥያቄ ተፈትነው ካለቁ፣ ኋላም ማንም ካላነሣቸው፣ ተማሪው ይረሳቸዋል። ስለዚህ እርስዎ በራስዎ ኮርስ ውስጥ ያንሷቸው። እኔ ከስሌቱ ጋር አንድ ገጽ ማብራሪያ አስጽፋለሁ፤ ዴቢትና ክሬዲት ለማያውቅ የእድር አባል የሚገባ መሆን አለበት። ማረሙ ያደክማል፤ በሴሚስተር ከሁለት በላይ አይስጡ። ወደ እድር የሚልኳቸው ከሆነም አስቀድመው በደብዳቤ ፈቃድ ይጠይቁ፤ የአባላትን ስም ከሪፖርቱ እንዲሰርዙም ተማሪዎቹን ያሳስቧቸው።