አዲስ ጫማ ሲልጠን፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ጫማ ስሰፋ ነው ያደግኩት፤ መርካቶ ውስጥ። አሁንም እንጀራዬ እሱ ነው። አዲስ ጫማ ገዝቶ በሦስተኛው ቀን እያነከሰ የሚመጣ ሰው ሳይ ሁሌም ይቆጨኛል። ብዙው ስቃይ መቅረት ይችል ነበር። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁ። እነሆ።

የቆዳ ጫማ ገዛሁ። ሻጩ «ቆዳ ነው፣ ይለቃል» አለኝ። ሳምንት ሞላኝ፤ የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሯል። መቼ ነው የሚለቀው?

አይለቅም ወንድሜ። ሻጩ ግማሹን ነው የነገረህ። ቆዳ ወደ ጎን ይለቃል እንጂ ወደ ፊት አይረዝምም። ጫፉ ላይ ደግሞ ቅርፁ እንዳይወድቅ ውስጥ ለውስጥ የሚገባ ጠንካራ ነገር አለ። እሱን ጣትህ አያሸንፈውም። ጎንህን የሚይዝህ ጫማ ሊለመድ ይችላል፤ ጥፍርህን ከፊት የሚመታህን ግን መልሰው ወይም ለሚሆነው ሰው ስጠው።

ሌላ ጊዜ ስትገዛ ቆመህ ለካ። ከረጅሙ ጣትህ ፊት አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይትረፍ። ረጅሙ ጣት ሁሌ አውራ ጣት አይደለም፤ ብዙ ሰው ሁለተኛው ይበልጥበታል። ከ41 ወደ 42 ያለው ልዩነት 7 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ግን ጥፍርህን የሚያተርፈው እሱ ነው። ደግሞ ጠዋት አትግዛ። እግር ሲውል ያብጣል።

ሰርጌ አሥር ቀን ቀረው። ጫማው ከኋላ ተረከዜን ይልጠኛል። ምን ላድርግ?

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። አሥር ቀን ይበቃል፤ ግን ዛሬውኑ ጀምሪ። ወፍራም ካልሲ አድርጊና ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተራመጂበት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሪ። በአንድ ቀን ሦስት ሰዓት ብታደርጊው እግርሽ ይቆስላል፣ ከዚያ ልምምዱም ይቀራል።

የኋላውን ጠርዝ ደግሞ በእጅሽ አለስልሺው። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፦ ጫማውን ጭኔ ላይ አስቀምጥና የተረከዙን ጠርዝ በሁለት አውራ ጣቶቼ ይዤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እያጠፍኩ አሸዋለሁ። ሊጥ እንደማሸት ነው። ከዚያ ጣቴን ውስጥ አስገብቼ ስፌቱን እዳብሳለሁ። የሚጎረብጥ ነገር ካለ በማንኪያ ጀርባ ጫን አድርጌ አስተኛዋለሁ። በዕለቱ ተረከዝሽን ቫዝሊን ቀቢው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን ጨፍሪበት! ጫማ በእርምጃና በእስክስታ እኩል አይቆነጥጥም።

ውሃ ቋጥሯል። ላፍርጠው?

አታፍርጠው። ውሃ የሚቋጥረው ጫማው ቆዳህን ደጋግሞ ሲጎትተው የላይኛው ንብርብር ከታችኛው ስለሚላቀቅ ነው። የላይኛው ቆዳ አሁን ፋሻህ ነው። በራሱ ከፈረጠ በውሃና በሳሙና እጠበው፣ ሳትልጠው በንፁህ ፕላስተር ሸፍነው። መግል ከያዘ ወይም ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ጤና ጣቢያ ሂድ። ከመቋጠሩ በፊት ቦታው ያቃጥላል። ፕላስተር መለጠፍ ያለብህ ያኔ ነው።

ጠባብ ጫማ ለማስፋት በፌስታል ውሃ ሞልቶ ጫማው ውስጥ አድርጎ ፍሪዘር ማስገባት ይሠራል?

ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ይገፋል፤ እውነት ነው። ግን የፈለግሽውን ቦታ መርጦ አይገፋም። ፌስታሉ ካፈሰሰ ቆዳው ይርሳል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል። ጫማ ሰፊ ጋ ውሰጂው። የጠበበውን ቦታ አሳይተሽው በእግር ቅርፅ በተሠራ ፎርማ ላይ ያሳድርልሻል።

እናቴ ስኳር አለባቸው። አዲስ ጫማ ልገዛላቸው ነው። እንዴት ያለማምዱት?

ይሄን ጥያቄ ስላነሳህ አመሰግንሃለሁ። ለሳቸው «ትንሽ ያምማል፣ ይለመዳል» የሚባል ነገር የለም። ስኳር የእግርን ስሜት ሊያደነዝዝ ይችላል፤ ጫማው ሲልጣቸው ላይሰማቸው ይችላል። ትንሿ ቁስል ናት በኋላ ከባድ የምትሆነው። ስለዚህ ገና ሲያደርጉት የሚመች፣ ሰፊና ለስላሳ ጫማ ግዛ። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ብቻ ያድርጉት። ከዚያ አውልቀህ እግራቸውን ራስህ እይ፤ ተረከዙን፣ የጣቶቹን መሃል፣ ውስጥ እግሩን። ቀልቶ የቀረ ቦታ ካለ ያ ጫማ የሳቸው አይደለም። ከማድረጋቸው በፊትም ሁሌ እጅህን ውስጥ አስገባ፤ ጠጠር ይኖራል።

ለልጄ ለትምህርት ቤት ሁለት ቁጥር ጨምሬ ገዛሁ፣ ያድግበታል ብዬ። ግን ተረከዙ ተላጠ።

ሰፊም ይልጣል። እግሩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ኑሮው ውድ ነው፣ ይገባኛል፤ ግን ከአንድ ቁጥር በላይ አትጨምሪ። አሁን ያለውን ተጨማሪ ገበር አስገቢበትና ክሩን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪለት።

ለታላቁ ሩጫ አዲስ ጫማ ገዛሁ። እሁድ ልሩጥበት?

በአሮጌው ሩጥ። አበበ ቢቂላን አስታውስ። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ አዲሱ ጫማ አልተስማማውም፤ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። እሱ ግን በባዶ እግሩም ሲለማመድ የኖረ ሰው ነበር። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ ሰዓቱም 2፡12፡11 ሆነ። አዲሱን ከእሁድ በኋላ አጭር አጭር ርቀት እየሮጥክ ተለማመድበት።