ያልተነካው ሕዋስ ለምን ጅራት አወጣ?

ጥያቄ፦ ኬሚካል በዲኤንኤ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በአልካላይን ኮሜት ዘዴ እለካለሁ፤ በዚህ ዘዴ ሕዋሱ ስላይድ ላይ በጄል ውስጥ ፈርሶ በኤሌክትሪክ ሲጎተት (ኤሌክትሮፎሬሲስ) የተሰበረው ዲኤንኤ ከራሱ ወጥቶ እንደ ጅራታም ኮከብ (ኮሜት) ጅራት ይሠራል። ኬሚካል ያልነካቸው ሕዋሳትም ጅራት እያወጡ ተቸገርኩ፤ በጅራቱ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ 30 በመቶ ይደርሳል። ሕዋሳቱን ከሳህኑ የማነሣው በትሪፕሲን (በሚያላቅቃቸው ኢንዛይም) ነው።

መልስ፦ 30 በመቶ በዝቷል። በደህና ሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው የሚጠበቀው። ጥፋቱ ከሕዋስ አያያዝ ይሁን ከኤሌክትሮፎሬሲሱ አስቀድመው ይለዩ። ለዚህ የሚረዳው አንድ ጊዜ በብዛት አዘጋጅተው በትንንሹ ከፋፍለው ያቀዘቀዙት፣ ጅራቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቁት ሕዋስ ነው። በየዙሩ አንድ ስላይድ ይጨምሩበት። እሱም ጅራቱ ከወትሮው ከረዘመ ችግሩ ስላይዱን ከመሥራት ጀምሮ ባለው ሥራ ነው፤ እሱ እንደወትሮው ሆኖ የእርስዎ ብቻ ከረዘመ ሕዋሱ ገና ሲነሣ ተጎድቷል።

እኛ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ትሪፕሲኑን ነው። በ37 ዲግሪ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሕዋሱ ሲላቀቅ ሴረም ባለው ሚዲያ ያስቁሙትና በረዶ ላይ ያኑሩት። በጠባብ ጫፍ ደጋግሞ መሳብና መግፋት፣ በቮርቴክስ ማሽን ማናወጥም ዲኤንኤውን ይሰብራል። በትሪፓን ብሉ (የሞተውን ሕዋስ በሚያቀልም ሰማያዊ ቀለም) ሲቆጥሩ የሞተው ከሩብ በላይ ከሆነ ስላይድ አይሥሩ፤ የሚለኩት ሞትን ይሆናል።

ቀጥሎ አጋሮሱ (ሕዋሱን የሚይዘው ጄል) ነው። በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጠው አጋሮስ ከሕዋሱ ጋር ሲቀላቀል 37 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከማፍያው እንደወጣ ካፈሰሱበት ሕዋሱን ይጠብሱታል። ከቨር ስሊፑን (ከላይ የሸፈነውን ስስ መስታወት) ወደ ጎን ያንሸራቱት፤ ወደ ላይ ካነሡት ጄሉ አብሮት ይላቀቃል። ሕዋስ ማፍረሻው (2.5 ሞላር ጨው፣ 100 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ፣ 10 ሚሊሞላር ትሪስ፣ ፒኤች 10) ቀዝቃዛ ይሁን፤ 1 በመቶ ትራይተን (ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር) ሊጠቀሙበት ሲሉ ብቻ ይጨምሩ። ከዚህ ጀምሮ ደብዛዛ ብርሃን ይበቃዎታል፤ ኃይለኛ ብርሃን ራሱ ጉዳት ያስከትላል።

ኤሌክትሮፎሬሲሱ ላይ በፈሩ (ስላይዱ የሚነከርበት ፈሳሽ) 300 ሚሊሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና 1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ነው፤ ፒኤቹ ከ13 በላይ፣ ሙቀቱ 4 ዲግሪ ገደማ። ስላይዱ እዚያው 20 ደቂቃ ተነክሮ ይቆይና በሴንቲ ሜትር 0.7 እስከ 1 ቮልት ለ20 ወይም 30 ደቂቃ ይሮጣል። ብዙ ሰው የሚስተው የበፈሩን መጠን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ዛሬ ካለፈው ሳምንት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ከረንቱ ይጨምራል፤ ኃይል ሰጪው ከረንት ላይ ከተገደበ ደግሞ ቮልቴጁ ሳይታወቅ ይወርዳል። በፈሩን በመለኪያ ሲሊንደር ለክተው ያፍስሱ፤ ቮልቱንም ከረንቱንም ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ሲስፕላቲን (የካንሰር መድኃኒት) ሕዋሱን ይገድላል፣ ኮሜቱ ግን ጅራት የለውም። ዘዴው አይሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ ይሠራል፤ ጥያቄውን ግን ገልብጠው ይጠይቁት። ሲስፕላቲን ክሮቹን እርስ በርስ ያስተሳስራል፤ የታሰረ ዲኤንኤ ደግሞ አይሮጥም። እንዲያውም ጅራት ያሳጥራል። ስለዚህ ሲስፕላቲኑን በደንብ ካጠቡ በኋላ ሕዋሱን በ50 ወይም 100 ማይክሮሞላር ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ በረዶ ላይ 5 ደቂቃ ይምቱት፤ ፐሮክሳይድ ዲኤንኤውን ሰብሮ ጅራት ያስወጣል። ፐሮክሳይድ ብቻ ከተሰጠው ጎን ሲታይ ጅራቱ ያጠረበት መጠን የእስራቱ መለኪያ ነው። እስራቱ በሰዓታት ውስጥ ስለሚጠነክር መድኃኒቱ እንደተነሣ ወዲያው አይለኩ። ምንም ያልተሰጠው፣ ሲስፕላቲን ብቻ፣ ፐሮክሳይድ ብቻ፣ ሁለቱም፤ አራቱም በአንድ ሩጫ ይግቡ።

ጥያቄ፦ ራስ የሌላቸው፣ ደመና የመሰሉ ኮሜቶች ይቆጠራሉ?

መልስ፦ ከልኬቱ ይውጡ፣ ብዛታቸው ግን ለብቻ ይመዝገብ። በእንስሳት ለሚሠራው ሙከራ የወጣው የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) መመሪያ 489 የሚለው ይኸንኑ ነው፤ ለአንድ ናሙናም ቢያንስ 150 ሕዋስ ይላል። ስታቲስቲክሱን ሲሠሩ ግን ናሙናው እንጂ ሕዋሱ አንድ ተብሎ አይቆጠር፤ 150 ሕዋስ ከአንድ ሳህን ማለት አንድ ቁጥር ነው።