አንዴ ገዝቶ ሁለት ቦታ መጫወት፦ ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ ኤክስቦክስ ላይ የገዛሁትን ጌም ላፕቶፕ ላይ ሳልከፍል መጫወት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ማይክሮሶፍት በ2016 እ.ኤ.አ. የጀመረው «ኤክስቦክስ ፕሌይ ኤኒዌር» የሚባል ነገር አለ። የጌሙ ገጽ ላይ ይህ ምልክት ካለ፣ ከማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ስቶር አንዴ ስትገዛው የኤክስቦክስ ኮንሶሉም ዊንዶውስ ኮምፒውተሩም ላይ ይከፈትልሃል። ሴቭህም፣ ማለት ጌሙን ያደረስክበት ቦታ፣ ይከተልሃል። ግን የኛን መብራት ታውቀዋለህ፤ ሴቩ ክላውድ ላይ፣ ማለት ኢንተርኔት ላይ ያለው ማስቀመጫ ውስጥ፣ ሳይወጣ ድርግም ካለ ላፕቶፑ ላይ የምታገኘው የቀድሞውን ነው። ከጌሙ በሥርዓት ውጣ፣ ኢንተርኔቱንም ቶሎ አታጥፋው። ዲስክ ግን አይሻገርም፤ ከስቶር የተገዛ ብቻ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ዲስኩን ከሰው ብገዛውስ?

መልስ፦ ዲስክ አይሻገርም። ከላይ አንብብ።

ከደብረ ማርቆስ፦ የኳሱ ጌም ፊፋስ?

መልስ፦ የፕሌይስቴሽኑ ለፕሌይስቴሽን፣ የፒሲው ለፒሲ። ሁለቴ ትከፍላለህ።

ከሞጣ፦ ምን አስጨነቃችሁ፣ ሌላው የኳስ ጌም፣ የድሮው ፔስ፣ ስሙ ኢፉትቦል ሆኖ በነፃ ነው እኮ!

ከደብረ ማርቆስ፦ ነፃ የሆነው ገዢ አጥቶ ነው።

ከሞጣ፦ ጌም ቤት ና፣ አምስት አግብቼብህ ታወራለህ።

መልስ፦ እዚያው ተጨራረሱ። ቀጣይ።

ከቡሬ፦ ጓደኛዬ በፕሌይስቴሽን፣ እኔ በስልክ አብረን ከተጫወትን አንዳችን መግዛታችን አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። አብሮ መጫወት ሌላ፣ አንዴ መግዛት ሌላ። ማይንክራፍት የሚባለውን ጌም፣ ቤድሮክ የተባለውን ዓይነቱን እይ፤ የስልኩም የፕሌይስቴሽኑም ሰው አንድ ዓለም ውስጥ ይገናኛል፣ የሚከፍለው ግን ለየብቻ ነው።

ከዳንግላ፦ ስቲም?

መልስ፦ ስቲም የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ስቶር ነው፤ ጌሙ ከተሠራለት ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም በአንድ ግዢ። ፕሌይስቴሽን የለበትም።

ከእንጅባራ፦ የኔ አልከፍት አለ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ? የቱ ጌም? በምን ላይ? እኔ ጠንቋይ ነኝ?

ከደጀን፦ አካውንት ከነጌሙ በርካሽ የሚሸጡ አሉ፤ ያዋጣል?

መልስ፦ ስንቴ ልናገር! ጌም የሚታሰረው ከአካውንቱ ጋር ነው። አካውንቱ የተከፈተበት ኢሜይል ደግሞ የሻጩ ነው። አንተ ፓስወርድ ብትቀይር እሱ «ረሳሁ» ብሎ ያስመልሰዋል፤ ጌምህም ሴቭህም አብሮ ይሄዳል። ለማን አቤት ልትል ነው? በራስህ ኢሜይል ክፈት። የውጭ ካርድ ከሌለህ ጊፍት ካርድ፣ ማለት ስቶሩ ላይ የምትከፍልበት ቀድሞ የተሞላ ካርድ፣ ግዛ፤ ገንዘቡን ከመስጠትህ በፊት ግን «የየት አገር ነው?» ብለህ ጠይቅ። ከአካውንትህ አገር ጋር ካልገጠመ ላይቀበልህ ይችላል።

ከእንጅባራ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ጌም ፓስ ላይ ያወረድኩት ነው። ወሩ ትናንት አለቀ።

መልስ፦ ታዲያ መቼ ገዛኸው? ጌም ፓስ በየወሩ የሚከፈልበት ኪራይ ነው። ወይ አድስ፣ ወይ ግዛው። ስትገዛም ዲስክ አይሁን።