ሂሜጂ ስትሄዱ ልስኑን ተመልከቱ

ጃፓን የምትኖሩ ወገኖቼ እንግዳ ሲመጣባችሁ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኦሳካ ግንብ እንደምትወስዱት አውቃለሁ፤ እኔም ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ የኦሳካው ዋና ግንብ እ.ኤ.አ. በ1931 በኮንክሪት የተሠራ፣ ሊፍት ያለው ሕንፃ ስለሆነ፣ የጥንቱን ሥራ ማየት ለሚሻ ሰው ከሺን ኦሳካ በፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል የሚርቀውን የሂሜጂ ከተማ ግንብ እመክራለሁ።

ኢኬዳ ቴሩማሳ የተባለው መስፍን እ.ኤ.አ. በ1609 ያስጨረሰው ይህ ግንብ፣ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ሥልጣን ከጦር መሳፍንቱ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ከተመለሰበት ከሜጂ ለውጥ በኋላ ብዙ ግንቦች ሲፈርሱ፣ ናካሙራ ሺጌቶ የተባለ የጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1878 ለበላዮቹ አመልክቶ ከመፍረስ አዳነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ከተማዋ በቦምብ ስትነድ በላዩ የወደቀው ተቀጣጣይ ቦምብ ሳይፈነዳ መቅረቱን ዕድል ልንለው እንችላለን፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ግን የእጅ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1964 ዋናውን ግንብ ፈታተው መልሰው ገጠሙት። ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ከሚዘልቁት ሁለት ምሰሶዎች የምሥራቁን የበሰበሰ እግሩን ብቻ ቀይረው ሲያቆዩት፣ የምዕራቡን ሁለት ግንዶች አጋጥመው ተኩት፤ ጫማችሁን አውልቃችሁ እንደ መሰላል ቀጥ ባለው ደረጃ ሦስተኛው ፎቅ ስትደርሱ መጋጠሚያውን ፈልጉት። (ጉልበቱን የሚያመው ወላጅ ካለ ደጅ፣ ከግቢው ቢጠብቅ ይሻላል።)

እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው እድሳት ግንቡን በጊዜያዊ ሕንፃ ከድነው ለጎብኚ የመመልከቻ መስኮት አበጁለት። እኔም ለሳኞቹ በኖራ፣ በተቃጠለ ዛጎል፣ በቃጫና ከባሕር አረም በተፈላ ሙጫ የሚሠራውን ልስን በጣሪያው ሸክላዎች መካከል በትንሽ የግንበኛ ማንኪያ ሲደርቡ ቆሜ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲከፈት ሕዝቡ «ከልክ በላይ ነጣ» ብሎ ቀለደበት፤ ሻጋታ እያደር እንደሚያጠቁረው የሚያውቁት ለሳኞች ግን አልተገረሙም።

ሂሜጂን ያቆየው በየጊዜው የሚደገም የእጅ ሥራ ነውና፣ ለጎንደር ግንቦች ጥገና የምታዋጡ ማኅበራት ካላችሁ፣ ዕቅዱ ሲቀርብላችሁ የኖራውን ሥራ የሚማሩ ወጣቶች ደመወዝ በበጀቱ ውስጥ መኖሩንና ቀጣዩ እድሳት በስንት ዓመቱ እንደታሰበ ጠይቁ፤ መልስ ካላገኛችሁ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ዕቅዱ እንዲሟላ አድርጉ።