«ለማንም አልናገርም» ብዬ ምያለሁ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የመረጥናቸው ጥያቄዎች የማህበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች የጻፉልን ናቸው።

ጥያቄ፦ በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሕጻናት ጉዳይ ተከታታይ ሆኜ እሠራለሁ። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ እንጀራ አባቷ ከትናንት በስቲያ ማታ እንደደፈራት ነገረችኝ። ከመናገሯ በፊት «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ አስምላኛለች። እናትየው ነገሩን ጠርጥራለች፤ ነገር ግን በሽማግሌ እንዲያልቅ ነው የምትፈልገው። ምስጢሯን ባወጣ በሕግ እጠየቃለሁ? ዝም ብልስ? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጉዳዩ ኅትመት የሚጠብቅ ስላልነበረ ለጠያቂዋ በዚያው ዕለት መልሰናል። እዚህ የምናወጣው ሌሎችንም ስለሚገጥማቸው ነው።

ከሕጉ በፊት ሰዓቱን ይቁጠሩ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀናት ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል፤ በዘገየ ቁጥር ግን ኃይሉ ይቀንሳል። ከትናንት በስቲያ ማታ ማለት 48 ሰዓት ገደማ አልፏል ማለት ነው። ሽማግሌ ተጠርቶ እስኪቀመጥ ቀሪው ጊዜ ያልቃል። አዲስ አበባ ከሆኑ ሕክምናን፣ ምርመራንና የምክር አገልግሎትን በአንድ ጣሪያ ሥር ወደሚሰጥ ማዕከል ይውሰዷት፤ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው አንዱ ነው። ሌላ ቦታ ከሆነ የቅርቡ ሆስፒታል። ገላዋን ገና ካልታጠበች ከምርመራው በፊት አትታጠብ። በዚያ ሌሊት የለበሰችው ልብስ ደግሞ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃውን ያበላሸዋል። ታጥባም ከሆነ፣ ቀናት አልፈውም ከሆነ፣ ትሂድ። እርግዝና ቢገኝ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 552 መሠረት ደግሞ በመደፈር ለመምጣቱ የራሷ ቃል በቂ ነው። ይህን የማያውቅ የጤና ሠራተኛ ከፖሊስ ወረቀት አምጪ ብሎ ሊመልሳት ስለሚችል አብረዋት ይግቡ።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ሁለት አንቀጾች ይምታታሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን ማውጣት ያስቀጣል። ብዙ ሠራተኛ ይህን ሰምቶ ይፈራል፤ ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ 400 ግን አያነብም። ባለጉዳዩ ሲፈቅድ፣ ሥልጣን ያለው አካል ሲያዝ ወይም ሕግ ሲያስገድድ ምስጢሩን መግለጥ ወንጀል አይደለም። በሌላ በኩል አንቀጽ 443 ወንጀልን አለማስታወቅን ይቀጣል፤ ግዴታው ግን አንዳንድ ሥልጠናዎች ላይ እንደሚባለው ለሁሉም ወንጀል አይደለም። ማንንም ሰው የሚያስገድደው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲሆን ነው። ሁለተኛው ክፍል በሕግ ወይም በሙያቸው ደንብ የማስታወቅ ግዴታ ያለባቸውን ይመለከታል። «የሙያ ደንብ» የሚለው ምን ያህል እንደሚሰፋ ሊያከራክር ይችላል። ስለዚህ ሥራ ሲቀጠሩ የፈረሙትን የሕጻናት ጥበቃ መመሪያ ዛሬውኑ አውጥተው ያንብቡ፤ ብዙ ድርጅቶች በ24 ሰዓት ውስጥ ለኃላፊ ማሳወቅን ያዝዛሉ። ግዴታው ቢያከራክር እንኳ ወንጀልን መጠቆም የማንም ሰው መብት ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 የሕጻኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል። በእኛ አመለካከት እዚህ ላይ የሚያመነታ ሠራተኛ ሕጉን ሳይሆን ጎረቤቱን ነው የፈራው።

ሽምግልናውስ? ድርጊቱ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ አይደለም። እናት «ይቅር ብያለሁ» ብትል፣ ካሣ ቢከፈል፣ ሽማግሌ ቢመርቅ መዝገቡ አይዘጋም። ለእናትየው ይህን ይንገሯት፤ ግን ልጅቷ ማታ የት እንደምታድር ሳይታወቅ አይደለም። እናት ሰምታ ባሏን ብትጋፈጥ ልጅቷ ከእሱ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ናት። አመልክቱ ሲባል ወረቀት ጽፎ መመለስ በቂ የሚመስላቸው አሉ። ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕጻናት ክፍል ዘንድ ሲቀርቡ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «ዛሬ ማታ እሱ ነው ወይስ እሷ ከቤት የምትወጣው?» ይሁን። አደጋው አሁን ከሆነ 991 ይደውሉ።

ማስታወሻ ሲይዙ ቃሏን እንደወረደ፣ ከቀንና ከሰዓት ጋር ይጻፉ። «ተደፍራለች» ሳይሆን «እንዲህ አለችኝ»። «እሱ ነው አይደል?» ብለው አይጠይቁ። ጥያቄው መልሱን ከያዘ ጠበቃው ነገ ቃሉን ሠራተኛዋ አጉርሳታለች ይላል። «ምን ሆነ?» እና «ከዚያስ?» ይበቃሉ። ዝርዝሩን መርማሪው ይጠይቃታል፤ ሦስት ሰው ሦስት ጊዜ ባስደገማት ቁጥር ልጅቷም ትጎዳለች፣ ቃሉም ይለያያል።

መሐላውን በተመለከተ ስሕተቱ የተሠራው ከመናገሯ በፊት ነው። ከአሁን በኋላ ማንም «ምስጢር ልንገርሽ» ሲል ቀድመው ይህን ይበሉ፦ «የምትነግሪኝን እጠብቃለሁ። አንቺን ወይም ሌላን ልጅ የሚጎዳ ነገር ከሆነ ግን ሊረዱ ለሚችሉ ሰዎች እናገራለሁ፤ ለማን እንደምናገር አስቀድሜ እነግርሻለሁ።» አሁን ለማሉላት ልጅ ደግሞ ይቅርታ ይጠይቁ፣ ምክንያቱን ያስረዱ፣ ከሚነገራቸው ሰዎች መካከል የምትፈራው ካለ ይስሟት። ከጀርባዋ አያድርጉት።

ጥያቄ፦ እስራኤል ውስጥ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦችን ከትምህርት ቤት ጋር አገናኛለሁ። ተመሳሳይ ነገር ብሰማ እንደ ኢትዮጵያው ነው? — ከእስራኤል

መልስ፦ አይደለም፤ እዚያ ሕጉ ጠንካራ ነው። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሳዳጊ ወይም ኃላፊ የሆነ ሰው ሕጻንን እንደበደለ በቂ ጥርጣሬ ያለው ማንም ሰው ለፖሊስ ወይም በሕግ ለተሾመ የሶሻል ሠራተኛ ማሳወቅ አለበት። ያላሳወቀ እስከ 3 ወር፣ በሙያው የሰማ እንደ መምህርና ሶሻል ሠራተኛ ያለ ባለሙያ እስከ 6 ወር እስራት ይጠብቀዋል። ለርእሰ መምህሩ መንገር ብቻ ግዴታዎን አይወጣልዎትም። «ነውራችንን ለውጭ ሰው አታውጪ» የሚሉዎት ሽማግሌዎች ይኖራሉ፤ በአክብሮት ሰምተው ይደውሉ።

ጥያቄ፦ ለለጋሾች የሚላክ ሪፖርት ላይ የተረጂዎች ፎቶ ይወጣል። ሲመዘገቡ በቅጹ ላይ ፈቃድ ፈርመዋል። ይበቃል? — ከሐዋሳ

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። ዱቄት ለመቀበል ተሰልፎ የሚፈርም ሰው ፎቶውን እምቢ ቢል ዱቄቱ እንዳይቀርበት ይሰጋል። ፈቃዱ በተለየ ወረቀት፣ ምንም በማይታደልበት ቀን፣ የትኛው ፎቶ የት እንደሚወጣ ተነግሮ ይወሰድ። ለልጅ ከሆነ ከአሳዳጊው ሌላ ልጁም ይጠየቅ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት ይከለክላል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን በተለየ ጥንቃቄ ከሚያዙት ውስጥ ያስገባል። ዓይን ላይ ጥቁር መስመር ማስመር ማንነትን አይሸፍንም፤ የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርምና ከጀርባ ያለው ቤተ ክርስቲያን ይናገራሉ። ከሁሉ የሚብሰው የሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ ነው። የምርመራ ውጤትና መታወቂያ እዚያ ይለጠፋል፤ የለቀቀው ሠራተኛ ስልክ ላይ ይቀራል። ግሩፑ ላይ የፋይል ቁጥር ብቻ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ የምከታተላት እናት ለልጇ ክርስትና እናት እንድሆን ለመነችኝ። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ምን ላድርግ? — ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ቡናዋን ይጠጡ። ለበዓል የመጣ ድፎ ዳቦ ቢሮ ተቆርሶ ሁሉም ይብላው። ክርስትናው ግን የዕድሜ ልክ ዝምድና ነው፤ ነገ የዚያን ቤት ስም በእርዳታ ዝርዝር የሚያስገባው ወይም የሚሰርዘው የእርስዎ እጅ ነው። ገንዘብ ማበደርም መበደርም እንዲሁ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ከመንግሥት ሠራተኛ ሌላ የሕዝብን ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ድርጅቶችንም ስለሚነካ «እኛ መንግሥት አይደለንም» የሚለው አያድንም። እምቢታውን ቶሎ ይንገሯት፤ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው፣ ሌላ ሰው መፈለጊያ ጊዜ ያስፈልጋታል። «ሥራዬ ይከለክለኛል፤ ለልጅሽ ግን ደስ ብሎኛል» ይበቃል። ቀድመው እሺ ብለው ከሆነ ለኃላፊዎ በጽሑፍ ያሳውቁና ፋይሏ ለሌላ ሠራተኛ ይተላለፍ።

አንድ ዕድር ውስጥ መሆን ግን አይቀሬ ነው፣ ክልክልም አይደለም። ድንኳን ውስጥ ስትገናኙ ቀድመው «ቢሮ መቼ ትመጫለሽ?» ካሏት ግን ጎረቤቱ ሁሉ ተረጂ መሆኗን አወቀ። አስቀድመው ይጠይቋት፦ «ሰው ፊት ብንገናኝ ሰላም ልበልሽ ወይስ ልለፍ?»